የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ፣ ጋዜጠኝነት ወይስ ሙያዊ ጽሕፈት? ከመመዝገባችሁ በፊት የሚነበብ ንጽጽር

የዲፓርትመንት ምርጫ ሲደርስ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ተማሪ ግራ ይጋባል። ሶሻል ነው። እንግሊዝኛው ደህና ነው። መጻፍ ይወዳል። ለሕግ ጂፒኤው አልደረሰለትም፤ ወይም ደርሶለት አልፈለገውም። አካውንቲንግ ሲሉት ይታክተዋል። ቤተሰብ ደግሞ «ተመርቀህ ምን ልትሆን ነው?» እያለ መልስ ይጠብቃል።

አማራጩ አንድ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። አገር ውስጥ የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ አለ። ጋዜጠኝነትና ኮምዩኒኬሽን አለ። ብሪታንያ ውስጥ ሥነ ጽሑፍን ከሙያዊ ጽሕፈት (ፕሮፌሽናል ራይቲንግ) ጋር አጣምሮ የሚሰጥ ዲግሪ አለ። አሜሪካ ደግሞ ኢንግሊሽ ሜጀር በሚለው ስም ሥር ብዙ ዓይነት ዘርፍ ይሰጣል። ስማቸው ይመሳሰላል። የሚያስተምሩት ይለያያል። ዋጋቸውማ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

እዚህ የዩኒቨርሲቲ ስም አላወዳድርም። ዓለም አቀፍ የደረጃ ዝርዝሮች ስለ ምርምር ብዙ ይናገራሉ። አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የጻፈው ኤሴይ ታርሞ ይመለስለት እንደሆነ ግን አይነግሯችሁም። ለዚህ የትምህርት ዘርፍ ደግሞ ትልቁ ጥያቄ እሱ ነው።

## መጀመሪያ ትምህርቶቹን እንለይ

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ያነባል፤ ያነበበውንም ይተነትናል። ልብ ወለድ፣ ግጥም፣ ተውኔት፣ ሂስ። የሚጽፈው በአብዛኛው ኤሴይ ነው። አንድ ክርክር ይይዛል፤ ከመጽሐፉ ማስረጃ እያወጣ ያስረዳል።

የሙያዊ ጽሕፈት ተማሪ የሚለማመደው ሰው ሥራ የሚሠራበትን ጽሑፍ ነው። ሪፖርት፣ ፕሮፖዛል፣ ጋዜጣዊ መግለጫ፣ የአጠቃቀም መመሪያ፣ የድረ ገጽ ጽሑፍ። የሌላ ሰው ጽሑፍ ማረምም አለበት። መጨረሻ ላይ የሚያስረክበው ፖርትፎሊዮ ነው፤ በትምህርት ዘመኑ የሠራቸው ጽሑፎች ስብስብ ማለት ነው።

ልብ ወለድና ግጥም መጻፍ የሚያስተምረው ክሪኤቲቭ ራይቲንግ ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ነገር ነው። ብዙ ሰው ከሙያዊ ጽሕፈት ጋር ያምታታዋል። ደራሲ መሆን የሚፈልግ ልጅ ሙያዊ ጽሕፈት ገብቶ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ አጻጻፍ ሲማር ማዘኑ አይቀርም።

ሥነ ጽሑፍንና ሙያዊ ጽሕፈትን እንደ ባላንጣ የሚያዩ አሉ። እኔ አልስማማም። አዲስ አበባ ውስጥ ለኮምዩኒኬሽን ኦፊሰር ሥራ የሚሰጠውን የጽሑፍ ፈተና አስቡት። ብዙ ጊዜ ረጅም ሰነድ ይሰጥና «በአንድ ሰዓት ወደ ሁለት ገጽ አሳጥሩት» ይባላል። አጻጻፉ ሙያዊ ጽሕፈት ነው። ሰነዱ የደበቀውን አንብቦ ማግኘት ግን ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምረው ነው። በዚህ ፈተና ላይ የሚወድቀው አብዛኛው ሰው የሚወድቀው ሰዋስው ላይ አይመስለኝም። ዋናውን ነገር ከተራው ሳይለይ ይቀራል።

## መለኪያዎቹ

የታረመ ጽሑፍ ብዛት። በአንድ ሴሚስተር ስንት ገጽ ትጽፋላችሁ? ከዚያ ውስጥስ ስንቱ በመምህሩ እጅ ተጽፎበት ይመለሳል? ጽሕፈት ሌክቸር በመስማት አይለመድም። ጽፎ፣ ታርሞ፣ እንደገና ጽፎ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ክፍል ውስጥ 70 ተማሪ አለ እንበል። እያንዳንዱ 3 ገጽ ቢጽፍ 210 ገጽ ይሆናል። ለአንድ ገጽ 5 ደቂቃ ብቻ ቢወስድ መምህሩ ለአንድ አሳይመንት 17 ሰዓት ተኩል ይፈልጋል። እሱ ደግሞ ሌሎች ክፍሎችም አሉት። ስለዚህ ምን ያደርጋል? በግሩፕ ሥሩ ይላል። ከግሩፑ አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ያስጠርዛል፣ የቀሩት ስማቸውን ያስገባሉ። የክፍሉ ተማሪ ቁጥር ከሥርዓተ ትምህርቱ ይዘት በላይ የሚወስነው ለዚህ ነው።

የምታነቡት። ሙሉ መጽሐፍ ይነበባል ወይስ ሃንድአውት? መልሱን ከኮርስ ስም አታገኙትም። ተማሪዎቹን ጠይቁ።

ሙሉ ወጪ። የትምህርት ክፍያ ብቻ አይደለም። ቪዛ፣ የጤና ክፍያ፣ መኖሪያ፣ የምንዛሪ ለውጥ፣ ሳትሠሩ የምታሳልፏቸው ዓመታት። በተለይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ስለተደረገ፣ ከዚያ በፊት በብር የተሠራ ማንኛውም የውጭ ትምህርት ሒሳብ አይሠራም።

ወረቀቱ የሚከፍተው በር። የሥራ ማስታወቂያዎች ላይ ስሙ አለ? ውጭ ከሆነ ከምረቃ በኋላ ስንት ጊዜ መሥራት ይቻላል? ወደ አገር ቤት ሲመለስስ አቻ ግምት፣ ማለትም ከአገር ውስጡ ዲግሪ ጋር እኩል ነው የሚል ማረጋገጫ ያገኛል?

መመለሻ። ከአንድ ዓመት በኋላ «ይሄ የኔ አይደለም» ብትሉ ወደ ሌላ ትምህርት መዛወር ትችላላችሁ?

## አማራጭ 1፦ እንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ በአገር ቤት

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1950 በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅነት ሥራ የጀመረ አንጋፋ ተቋም ነው። ዛሬ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል በባሕር ዳር፣ በጅማ፣ በሐዋሳ፣ በጎንደርና በሌሎች የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም ይገኛል። የፍሬሽማኑን ዓመት ጨምሮ 4 ዓመት ይፈጃል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ የመውጫ ፈተናውን ቢያንስ በ50 በመቶ ማለፍ ግዴታ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። ስለዚህ ለእሱ ለብቻው መዘጋጀት ያስፈልጋል።

ወጪው ከሁሉም ዝቅተኛ ነው። በመንግሥት ምደባ የገባ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ ክፍያው ከምረቃ በኋላ ከደመወዝ ይቆረጣል። ዕዳው የሚያስጨንቅ አይደለም።

ችግሩ የሚጀምረው ክፍል ውስጥ ነው። ብዙ ተማሪ ወዶ አይገባም። በጂፒኤ ተወዳድሮ፣ የፈለገው ሞልቶበት እንግሊዝኛ ይደርሰዋል። ከጎናችሁ የሚቀመጠው ልጅ ልብ ወለድ የማንበብ ፍላጎት ላይኖረው ይችላል። መምህሩም ይህን ስለሚያውቅ ኮርሱን ያቀለዋል። በዚያ ላይ ሥርዓተ ትምህርቱ ለሥነ ልሳንና ለቋንቋ ማስተማር ዘዴ ብዙ ቦታ ስለሚሰጥ «ሥነ ጽሑፍ» የሚለው የስሙ ግማሽ አንዳንድ ቦታ ላይ ይሳሳል።

ግን ይህን አማራጭ አትናቁት። ሁለት ጠንካራ ነገሮች አሉት። አንደኛው የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ነው። ለንደን ውስጥ እንደ ተጨማሪ ምርጫ የሚሰጠውን እዚህ ከራሳችሁ ኑሮ ጋር እያያዛችሁ ታነባላችሁ። ሁለተኛው ሲኒየር ኤሴይ፣ የመመረቂያው ጽሑፍ ነው። ደህና አማካሪ የደረሰው ተማሪ በዚያች አንድ ሥራ ከሁሉም ኮርሶች የበለጠ ይማራል። ደህና አማካሪ ያልደረሰው ደግሞ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ ያረጀ ኤሴይ ይፈልጋል። ይህም የታወቀ ነው።

ከምረቃ በኋላ በቀጥታ የሚታየው ሥራ ማስተማር ነው። ሁለተኛ ደረጃ ለማስተማር የፔዳጎጂ ሥልጠና ይጠየቃል። ማስተማር ከመጀመሪያው የቆረጣችሁበት ከሆነ እንደ ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ያለውን መንገድ ብታዩ ይሻላል። ከማስተማር ውጭ ትርጉም፣ ሕዝብ ግንኙነት፣ የእንግሊዝኛ ጋዜጦች አሉ። ሪፖርተር፣ ፎርቹን፣ ካፒታልና ሄራልድ በእንግሊዝኛ ስለሚታተሙ ጎበዝ ጸሐፊ ይፈልጋሉ። ከዲግሪው ስም ይልቅ የምታቀርቡላቸውን ጽሑፍ ያያሉ።

## አማራጭ 2፦ ጋዜጠኝነትና ኮምዩኒኬሽን

አገር ቤት ውስጥ ለሙያዊ ጽሕፈት ከሁሉም የሚቀርበው ይህ ነው። ዜና መጻፍ፣ ቃለ መጠይቅ፣ ጋዜጣዊ መግለጫ፣ ካሜራና ድምፅ። የሥራ ልምምድም አለበት። በዴድላይን መጻፍ እዚህ ይለመዳል፤ ሥነ ጽሑፍ ክፍል ውስጥ ግን ብዙም አታገኙትም።

የሥራ ማስታወቂያ ላይም ይጠቅማል። የባንክ፣ የኤጀንሲና የመሥሪያ ቤት ሕዝብ ግንኙነት ክፍሎች ሲቀጥሩ «በጋዜጠኝነት፣ በኮምዩኒኬሽን፣ በቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ወይም በተዛማጅ» ማለት ይወዳሉ። ልብ በሉ፣ ሥነ ጽሑፍም እዚያው አለ። ጋዜጠኝነት ግን ስሙ ቀድሞ ይጠራል።

ድክመቱ የንባቡ መሳሳት ነው። ብዙ ዓይነት መሣሪያ ይነካካል፤ ጠለቅ ብሎ ማንበብን አያስገድድም። መጻፍ የሚችል ግን የሚጽፈው ነገር የሌለው ምሩቅ የሚወጣው ከዚህ ነው። የሚዲያ ሥራው ራሱ ያለውን ጫና ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

## አማራጭ 3፦ ጥምር ዲግሪ በብሪታንያ

በወረቀት ላይ ሲታይ ለርዕሳችን ልክ የተሰፋ የሚመስለው ይህ ነው። እንግሊዝ ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪ 3 ዓመት ነው፤ ስኮትላንድ 4። እንግሊዝ ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የመረጣችሁትን ብቻ ነው የምትማሩት። ጥምር ዲግሪ ከሆነ ግማሹ ሥነ ጽሑፍ፣ ግማሹ ሙያዊ ጽሕፈት ይሆናል። ሴሚናሮቹ በትናንሽ ቡድን ናቸው። ኤሴዩ ብዙ ጊዜ ዝርዝር አስተያየት ተጽፎበት ይመለሳል። በመጀመሪያው መለኪያ ጥሩ ነው።

ከመግቢያው እንጀምር። የኢትዮጵያ 12ኛ ክፍል ውጤት ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ አያስገባም፤ የፋውንዴሽን (የመዘጋጃ) ዓመት ይጠየቃል። ስለዚህ 3 ዓመቱ 4 ሆነ። አየልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና በአብዛኛው 6.5 ይፈልጋሉ፤ አንዳንዱ 7።

አሁን ገንዘቡ። ለውጭ ተማሪ የዚህ ዘርፍ ክፍያ በዓመት ከ15 ሺህ ፓውንድ አካባቢ ይጀምራል፤ ስመ ጥር ቦታዎች ከ25 ሺህ ያልፋል። በዝቅተኛው እናስላው። 15 ሺህ በ3 ዓመት 45 ሺህ። ለቪዛ የሚታየው የመኖሪያ ገንዘብ ከለንደን ውጭ ለ9 ወር ከ10 ሺህ ፓውንድ በላይ ነው፤ በ3 ዓመት 30 ሺህ። የጤና ክፍያው ለተማሪ በዓመት 776። ፋውንዴሽኑን፣ የቪዛውን ማመልከቻና የአውሮፕላን ቲኬቱን ሳንቆጥር 77 ሺህ ፓውንድ አለፍን። ተማሪ በትምህርት ሰሞን በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይፈቀድለታል። ያ ግን ኪራይ ያግዛል እንጂ የትምህርት ክፍያን አይሸፍንም። «ሄደህ ሠርተህ ትከፍላለህ» የሚላችሁ ደላላ ካጋጠማችሁ ይህን ሒሳብ አሳዩት።

ከምረቃ በኋላስ? በግራጁዌት ቪዛ 2 ዓመት መሥራት ይቻል ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 2027 ጀምሮ ለሚያመለክቱ የመጀመሪያና የሁለተኛ ዲግሪ ምሩቃን ወደ 18 ወር ዝቅ ይላል። ከዚያ በኋላ ለመቆየት ቀጣሪ የሚደግፈው የሙያ ቪዛ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው አጠቃላይ የደመወዝ ወለል 41,700 ፓውንድ ነው። ለአዲስ ምሩቃን ዝቅ ያለ ቢኖርም፣ ለጀማሪ አርታዒ ወይም የይዘት ጸሐፊ እሱም ቀላል አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። እዚያም ዘርፉ እየተጨነቀ ነው። ሸፊልድ ሃላም ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2022 ለብቻው የሚሰጠውን የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ዲግሪ ማቆሙንና ሰፋ ባለ የእንግሊዝኛ ዲግሪ ውስጥ ማስገባቱን አስታውቆ ብዙ ክርክር ተነሥቷል። ካመለከታችሁ በኋላ ፕሮግራሙ ሊታጠፍ ወይም ሊቀየር ስለሚችል፣ ቀጣይነቱን በኢሜይል በጽሑፍ ጠይቁ።

እኔ ብሪታንያን የምመክረው ለሁለተኛ ዲግሪ ነው። የቺቭኒንግ ስኮላርሺፕ ለአንድ ዓመት ማስተርስ ክፍያውንም ኑሮውንም ይሸፍናል። ቢያንስ 2 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ከትምህርቱ በኋላም 2 ዓመት ወደ አገር መመለስ ግዴታ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪን አገር ቤት ጨርሶ፣ ሁለት ሦስት ዓመት ሠርቶ፣ ከዚያ የፕሮፌሽናል ራይቲንግ ማስተርስ ማየት ከ77 ሺህ ፓውንድ ዕዳ ብዙ ይሻላል።

## አማራጭ 4፦ አሜሪካ፣ እንደ ነዋሪነታችሁ

እዚህ ሁለት ዓይነት አንባቢ አለ።

የመጀመሪያው ከአዲስ አበባ የሚያመለክት ነው። ሙሉ ስኮላርሺፕ ካላገኘ ይህን አማራጭ ይርሳው። ሃርቫርድ፣ የል፣ ፕሪንስተን፣ አምኸርስት፣ ቦውዶይንና ጥቂት ሌሎች ለውጭ ተማሪ ሳይቀር የቤተሰቡን አቅም ሳያዩ ይቀበላሉ፤ ከተቀበሉ ደግሞ የጎደለውን ገንዘብ ይሞላሉ። መግባቱ ግን እጅግ ጠባብ ነው። ከምረቃ በኋላ የሚሰጠው የሥራ ፈቃድ ለእንግሊዝኛ ተማሪ 12 ወር ነው። የሳይንስና ቴክኖሎጂ ምሩቃን የሚያገኙት ተጨማሪ 24 ወር አይመለከተውም።

ሁለተኛው እዚያው የሚኖር ቤተሰብ ነው። ለእነሱ ነገሩ ሌላ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ኖቫ በሚል ስም የሚጠራው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ብዙ የሐበሻ ልጅ የሚማርባቸው ናቸው። ሁለት ዓመት እዚያ ተምሮ ወደ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መዛወር ወጪውን በጣም ይቀንሳል። ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ተማሪ፣ የቤተሰቡ ገቢ ዝቅ ያለ ከሆነ፣ ፌዴራል መንግሥት የሚሰጠውን ፔል ግራንት ያገኛል። ለ2025–26 የትምህርት ዘመን ጣሪያው 7,395 ዶላር ነው። አይመለስም፤ ብድር አይደለም። ፋፍሳ የሚባለውን የገንዘብ ድጋፍ መጠየቂያ ቅጽ ሳይሞሉ «እኛ አናገኝም» ብለው የሚተዉ ቤተሰቦች አሉ። ሙሉት።

በታረመ ጽሑፍ ረገድ ከሁሉም የምወደው ይህን መንገድ ነው። የመጀመሪያ ዓመት የኮምፖዚሽን ክፍሎች አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ተማሪ ነው የሚይዙት። ረቂቅ ይቀርባል፣ ይታረማል፣ እንደገና ይጻፋል። ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የኢንጂነሪንግም ይሁን የኢኮኖሚክስ፣ እያንዳንዱ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የፕሮፌሽናል ራይቲንግ ኮርስ እንዲወስድ ያስገድዳል። ለመመለሻም ይመቻል። ከሚያስፈልጉት 120 ክሬዲቶች ውስጥ ለሜጀሩ የሚውለው ሲሶ ገደማ ስለሆነ፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሐሳብ መቀየር ብዙ አያከስርም።

የቤተሰብ ነገር ግን አለ። ታክሲ እየነዱ፣ ሌሊት እየሠሩ ያሳደጉ ወላጆች ልጃቸው «ኢንግሊሽ ልማር ነው» ሲላቸው ቢደነግጡ አይፈረድባቸውም። ለእነሱ የምለው፣ ይህ ዲግሪ ብዙ ጊዜ የመጨረሻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሕግ የሚጠናው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ነው፤ ከእንግሊዝኛ ተነሥቶ ሕግ ትምህርት ቤት መግባትም የተለመደ መንገድ ነው። ደራሲው ዲናው መንግሥቱ ከጆርጅታውን በእንግሊዝኛ ተመርቆ፣ ኮሎምቢያ ማስተርሱን ሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የማካርተር ሽልማት አግኝቷል። ደራሲዋ መዓዛ መንግሥቴ ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የፈጠራ ጽሑፍ ተምራ እ.ኤ.አ. በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ ገብታለች። በእነሱ መኩራት ተገቢ ነው። የልጃችሁን የደመወዝ ተስፋ ግን በእነሱ አትለኩ።

## አማራጭ 5፦ ሌላ ትምህርት፣ ከጎኑ ጽሕፈት

ይህ በዲፓርትመንት መምረጫ ቅጽ ላይ የለም። ብዙ ሰውን የሚጠቅመው ግን እሱ ይመስለኛል።

ሙያዊ ጽሕፈት ሁልጊዜ ስለ አንድ ነገር ነው። ስለ ጤና፣ ስለ ግብርና፣ ስለ ፋይናንስ፣ ስለ ሶፍትዌር። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረትና የመንግሥታቱ ድርጅት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ ናት። በዚህ ሁሉ መሥሪያ ቤት የሚጻፈው ሪፖርት ተራራ ነው። እዚያ ጥሩ እንግሊዝኛ ብቻ ካለው ሰው ይልቅ ኢኮኖሚክስ አውቆ በጥሩ እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ይፈለጋል። ሕዝብ ጤና ተምሮ ንጹሕ ፕሮፖዛል የሚጽፍ ሰውም እንደዚያው።

የጽሕፈቱን ክፍል በነፃ መማር ይቻላል። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የኢንተርኔት የጽሑፍ ማዕከል ለሁሉም ክፍት ነው። ጉግል ለቴክኒካል ጸሐፊዎች ያዘጋጃቸው ኮርሶችም በነፃ ይገኛሉ። የማይገኘው አራሚ ነው። እሱን ራሳችሁ መፈለግ አለባችሁ፤ በቢሮ ያለ አለቃ፣ የድሮ መምህር፣ ወይም ተያይዞ የሚተራረም የጓደኞች ቡድን።

እዚህ ላይ ሁለት የገበያ ነገሮችን ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ መንግሥት የልማት ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ሲዘጋ በእሱ ገንዘብ የሚሠሩ ብዙ ፕሮጀክቶች ቆሙ። የፕሮጀክት ኮምዩኒኬሽን ኦፊሰርና ፕሮፖዛል ጸሐፊ የሚቀጥሩት እነሱ ነበሩ። ስለዚህ «ኤንጂኦ እገባለሁ» የሚለው ዕቅድ እንደ ድሮው አይደለም። ሁለተኛው ቻትጂፒቲና ወንድሞቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ተራ የማስታወቂያ ጽሑፍና የተለመደ መግለጫ ማሽኑ በደቂቃ ይጽፋል። የጀማሪው ሥራ ደግሞ እሱ ነበር። የቀረው ማሽኑ የጻፈው እውነት መሆን አለመሆኑን፣ የጎደለውንና ለአንባቢው የማይመጥነውን የሚለይ ሰው ነው። ይህ ብዙ ያነበበና የሚጽፍበትን ጉዳይ የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው። ፎርማት ብቻ የሚያስተምር የሙያዊ ጽሕፈት ፕሮግራም ላይ ገንዘብ ማፍሰስን የምፈራው ለዚህ ነው።

## ሁሉም ባንድ ላይ

| አማራጭ | ጊዜ | ወጪ | የታረመ ጽሑፍ | ንባብ | ከምረቃ በኋላ | መመለሻ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሥነ ጽሑፍ፣ አገር ቤት | 4 ዓመት | በጣም ዝቅተኛ፣ በወጪ መጋራት | እንደ ክፍሉ ብዛትና እንደ መምህሩ | መካከለኛ፤ በአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ጥሩ | ማስተማር፣ ትርጉም፣ ሕዝብ ግንኙነት | ከባድ |
| ጋዜጠኝነት፣ አገር ቤት | 4 ዓመት | በጣም ዝቅተኛ፣ በወጪ መጋራት | ደህና፣ አጫጭር ጽሑፍ | ስስ | ሚዲያ፣ ሕዝብ ግንኙነት | ከባድ |
| ጥምር ዲግሪ፣ ብሪታንያ | 3 ዓመት + ፋውንዴሽን | ከ77 ሺህ ፓውንድ በላይ | ጥሩ | ጥሩ | አጭር የሥራ ቪዛ | መካከለኛ |
| አሜሪካ፣ ከአገር ቤት ለሚያመለክት | 4 ዓመት | ያለ ሙሉ ስኮላርሺፕ አይሞከርም | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | የ12 ወር ፈቃድ | ቀላል |
| አሜሪካ፣ ለነዋሪ | 2 + 2 ዓመት | መካከለኛ፣ በግራንት ይቀንሳል | በጣም ጥሩ | ጥሩ | ክፍት፣ ሕግም ይቻላል | ቀላል |
| ሌላ ትምህርት + ጽሕፈት | እንደ ትምህርቱ | እንደ ትምህርቱ | ራሳችሁ ካልፈለጋችሁ የለም | በራሳችሁ | ሰፊ | እንደ ትምህርቱ |

## ማን የቱን ይምረጥ?

ገንዘብ የለም፣ መጻፍ ግን የምር ትወዳላችሁ? አገር ቤት ሥነ ጽሑፍ ግቡ። ነገር ግን ዲፓርትመንቱ ይበቃኛል ብላችሁ አትቀመጡ። ከአንደኛ ሴሚስተር ጀምሮ የሚያርማችሁ አንድ መምህር ያዙ። በግቢው ጋዜጣ ወይም ክበብ ጻፉ። ስትመረቁ ከጂፒኤው ጎን የታተሙ ጽሑፎች ይኑሯችሁ።

ቶሎ ሥራ መያዝ ካለባችሁ፣ ቤተሰብም የሚጠብቃችሁ ከሆነ፣ ጋዜጠኝነትና ኮምዩኒኬሽን ይሻላል። አማርኛችሁን አትተዉት። አብዛኛው የሕዝብ ግንኙነት ሥራ በሁለቱም ቋንቋ ነው፤ እንግሊዝኛውን ችሎ አማርኛ ደብዳቤ መጻፍ የሚያቅተው ምሩቅ ብዙ ነው።

ከጽሕፈት ውጭ ሌላ የሚስባችሁ ትምህርት ካለ፣ ያም ሒሳብ ቢኖረውም፣ 5ኛውን አማራጭ ውሰዱ። በዚህ አልጠራጠርም።

ለልጁ ቤት ሸጦ ወይም ተበድሮ ብሪታንያ ለመላክ ለሚያስብ ቤተሰብ፦ ለዚህ ትምህርት አይሁን። ተከፍሎ የሚመለስበት ደመወዝ ቶሎ አይመጣም። ገንዘቡ ያለምንም ጭንቀት ካለ ግን ጥሩ ትምህርት ነው።

አሜሪካ ሆናችሁ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን እንደ ውርደት የምታዩ ካላችሁ፣ ዲፕሎማው ላይ የሚጻፈው የጨረሳችሁበት ዩኒቨርሲቲ ስም ነው። ከመዛወራችሁ በፊት የትኛው ኮርስ እንደሚቆጠር ከአድቫይዘር ጋር በጽሑፍ አረጋግጡ። ብዙ ሰው ሴሚስተር የሚያቃጥለው እዚህ ላይ ነው።

በኢንተርኔት ብቻ የሚሰጥ የውጭ ዲግሪ ለምታስቡ፣ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሄዳችሁ አቻ ግምት ይሰጠው እንደሆነ ጠይቁ። ከተመረቃችሁ በኋላ መጠየቅ ዋጋ የለውም።

የትኛውንም ብትመርጡ ከመፈረማችሁ በፊት ዲፓርትመንቱን እነዚህን ጠይቁ። በአንድ የጽሑፍ ኮርስ ክፍል ስንት ተማሪ አለ? ባለፈው ሴሚስተር ስንት ሙሉ መጽሐፍ ተነበበ? የግል ጽሑፍ ይበዛል ወይስ የግሩፕ? የሥራ ልምምድ ቦታውን ማን ያገኛል፣ ዲፓርትመንቱ ወይስ ተማሪው? ከዚያ ሦስተኛ ዓመት የደረሰ ተማሪ ፈልጉና መጨረሻ የተመለሰለትን ወረቀት እንዲያሳያችሁ ለምኑት። በኅዳጉ ላይ የመምህሩ ጽሑፍ ካለ ተመዝገቡ። ማርክ ብቻ ካለበት ቀጣዩን አማራጭ እዩ።